ዱባይ፣ ቀን የሚቆጠርባት ከተማ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ዱባይ ሲገባ መጀመሪያ የሚታየው ምንድን ነው? ፎቁ? ወርቁ? የሚያብለጨልጨው አስፋልት? ኧረ ወዲያ! መጀመሪያ የሚታየው ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ከመስታወት ጀርባ የተቀመጠ ወጣት ነው። ፓስፖርታችሁን ተቀብሎ አንዴ ፊታችሁን፣ አንዴ ኮምፒውተሩን ያያል። ከዚያ ማኅተሙን "ጧ!" ያደርገዋል። እናንተ ደስ ብሏችሁ ሻንጣ ፍለጋ ትሮጣላችሁ። ያቺ "ጧ!" ግን ሰዓት ናት እናንተዬ፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መቁጠር ጀምራለች።

እኔ ተርሚናል 1 የደረስኩት ኅዳር 1 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 10 ቀን 2024፣ እሑድ ቀን ነው። ከቦሌ አራት ሰዓት ገደማ በረራ ነው። የአክስቴን ልጅ ልጠይቅ በ30 ቀን የጉብኝት ቪዛ መሄዴ ነበር። ለጠየቀኝ ሁሉ "ለጉብኝት" እላለሁ። በልቤ ግን… አትታዘቡኝና ሥራ ከተገኘ ማን ይጠላል?

የአክስቴን ልጅ እታለም ነው የምላት፤ በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ እዚያ አገር ከኖረች ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗታል። ለስድስት ዓመት ሳንተያይ ቆይተን ተገናኘን። አቅፋ ሳመችኝ፣ አለቀሰች፣ አለቀስኩ። እንባዋን ጠርጋ ሳትጨርስ የጠየቀችኝ ምን መሰላችሁ? "ስንት ቀን ሰጡሽ?"

"ሠላሳ።"

"እንግዲያው የቀረሽ ሃያ ዘጠኝ ነው" አለችና ሻንጣዬን መግፋት ጀመረች። በሆዴ "ይህች ሴትዮ ደግሞ ገና ከመምጣቴ ልታባርረኝ ነው እንዴ?" ብያለሁ። ነገሩ የገባኝ ዴራ ከገባሁ በኋላ ነው።

ናይፍ፣ የግድግዳው ካላንደር

ፊልም ላይ የምታዩት ዱባይ ሌላ ነው፤ ዴራ ሌላ ነው። ዴራ አሮጌው ሰፈር ነው። ባኒያስ ስኩዌር ከሚባለው የሜትሮ ጣቢያ ወጥታችሁ ወደ ናይፍ ስትገቡ መርካቶ የገባችሁ ነው የሚመስላችሁ። ዕጣን አለ፣ ሽቶ አለ፣ ዝንጅብልና ቁንዶ በርበሬ አለ፣ በር ላይ ቆሞ "ሲስተር! ሲስተር! ሰዓት! ቦርሳ!" የሚል ሰው አለ። ወደ አዲስ አበባ ዕቃ የሚልኩ የካርጎ ቤቶች በአማርኛ ጽፈው ለጥፈዋል። ጎን ለጎን ስትሄዱ በአንድ ጆሮ ኡርዱ፣ በሌላው ትግርኛና ኦሮምኛ ይገባል። ምሽት ላይ ከአንዱ ምግብ ቤት የሽሮ ሽታ ሲመጣ እንኳን ሆድ አንጀትም ይላወሳል።

እታለም የምትኖረው አሠሪዋ በሰጣት ቤት ስለሆነ እንግዳ አይፈቀድላትም። ስለዚህ ናይፍ ውስጥ ቤድ ስፔስ ተከራየችልኝ። ቤድ ስፔስ ማለት አልጋ ብቻ ነው፤ ክፍሉ የጋራ፣ ወጥ ቤቱ የጋራ፣ መታጠቢያው በወረፋ። በእኛ ክፍል ስድስት ሴቶች ነበርን፣ ሦስት ባለ ደርብ አልጋ፣ እያንዳንዱ በሻሽ ተጋርዷል። ለአንዷ አልጋ በወር 700 ድርሃም። (በነገራችን ላይ እ.ኤ.አ. በጁን 2025 የዱባይ ማዘጋጃ ቤት እንዲህ ያሉ የተጨናነቁና በጣውላ የተከፋፈሉ ቤቶችን ለማስለቀቅ ዘመቻ ወጥቷል። ስለዚህ "አልጋ አለ" ስትባሉ ቤቱ ነገም ይኑር አይኑር ጠይቁ።)

የመጀመሪያው ማታ ዓይኔን የሳበው ግን ከበሩ አጠገብ የተለጠፈው ካላንደር ነው። ቀኖቹ በአራት ዓይነት ቀለም ተሰርዘዋል። ቀዩ የአንዷ ነው፣ ሰማያዊው የሌላዋ። ማታ ማታ ከሥራ ፍለጋ ሲመለሱ ጫማ ሳያወልቁ እስክሪብቶ ያነሳሉ። አንዲት ልጅ "እዚህ ቤት ጸሎት ቢረሳ ቢረሳ ካላንደሩ አይረሳም" ብላኛለች።

ከመካከላቸው አንዷ፣ የሐዋሳ ልጅ ናት፣ ካላንደሩ አልበቃ ብሏት ደብተር ይዛለች። ዕድሜዋ ሃያ አራት። አዲስ አበባ በአንድ ካፌ ማኪያቶ ስትሠራ ቆይታ እዚህ ባሪስታ ሆና ለመቀጠር ነው የመጣችው። የ60 ቀን ቪዛ ነበራት፤ እኔ የገባሁ ዕለት እርሷ 24ኛ ቀኗ ላይ ነበረች። ደብተሩን ስታሳየኝ ሳቅኩባት። ሦስት መስመር ነው የተጻፈበት። "30፤ ኦፈር ካልፈረምኩ ሰፈር እቀይራለሁ። 40፤ ፈቃዱ ካልወጣ ትኬት እቆርጣለሁ። 55፤ ምንም ቢሉኝ እዚህ አገር የለሁም።"

"55 ለምን? 60 አለሽ አይደል?"

"አውሮፕላን ቢቀርስ? ብታመምስ? አምስቱን ቀን ለእግዜር ትቼለታለሁ" አለችኝ።

ሳቄ ቆመ።

ሠላሳ ቀን ሠላሳ ቀን አይደለም

በማግስቱ እታለም ሻይ ጋብዛኝ ሒሳብ አስተማረችኝ። እናንተም እስክሪብቶ ካላችሁ አብራችሁኝ ቁጠሩ። የኤሚሬትስ የመንግሥት ቢሮዎች እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2022 ወዲህ ቅዳሜና እሑድ ዝግ ናቸው፤ ዓርብ ደግሞ እስከ እኩለ ቀን ብቻ ነው። እኔ የገባሁት እሑድ ነው፤ አንዱ ቀን ሄደ። ዲሴምበር 2 እና 3 የአገሪቱ ብሔራዊ በዓል ነው፤ በዚያ ዓመት ሰኞና ማክሰኞ ላይ ስለዋለ ከቅዳሜና እሑድ ጋር ተጋጥሞ አራት ቀን ሙሉ ተዘጋ። ደምረን ቀንሰን ስናበቃ ከሠላሳዋ ቀን ቢሮ ክፍት የሚሆንባት አሥራ ዘጠኝ ብቻ ሆና ቀረች። ከእነርሱም አራቱ ዓርብ ናቸው፣ ማለትም ግማሽ ግማሽ።

"አየሽ" አለች እታለም፣ "ሰው ቪዛውን ሲገዛ ሠላሳ ቀን የገዛ ይመስለዋል።"

ለመሆኑ ያ ሁሉ የቢሮ ቀን ለምን ያስፈልጋል? ነገሩ እንዲህ ነው። ጎብኚ ሆኖ የገባ ሰው ሥራ ሲያገኝ ቀጣሪው በመጀመሪያ በሥራ ሚኒስቴሩ በኩል ኦፈር ሌተር ያስገባል፤ ይህ ተስሂል በሚባሉት የአገልግሎት ማዕከላት የሚያልፍ ወረቀት ነው እንጂ አለቃ በዋትስአፕ የሚልከው አይደለም። ትፈርሙበታላችሁ። ከዚያ የሥራ ፈቃዱ ይታያል፣ ቀጥሎ የሥራ መግቢያ ፈቃድ ይወጣል። ይሄኔ ነው ከጎብኚነት ወደ ሠራተኛነት የሚቀየረው፤ ልጆቹ "ስታተስ ቼንጅ" ይሉታል። ዛሬ ከአገር ሳይወጡ እዚያው ከፍሎ መቀየር ይቻላል። ከተቀየረ በኋላ ደግሞ 60 ቀን ትሰጣላችሁ፤ በዚያ ውስጥ የሕክምና ምርመራው፣ አሻራው፣ ኤሚሬትስ አይዲው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ያልቃል። ምርመራው ኤች አይ ቪን ይጨምራል፤ ከተገኘ ወደ አገር መመለስ ነው። ይህን ሳያውቁ፣ እዚህ ሳይመረመሩ ሄደው እዚያ የተደናገጡ አሉና አዲስ አበባ እያላችሁ ተመርመሩ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ኦፈር በተፈረመበትና ፈቃዱ በወጣበት ቀን መካከል ያለው ጊዜ የእናንተ አይደለም። አንዱ ድርጅት በሳምንት ያስጨርሳል። ሌላው ኮታ የለኝም ብሎ ወር ያስቆጥራል። ሰዓቱ የሚቆጥረው ግን በእናንተ ፓስፖርት ላይ ነው። የሐዋሳዋ ልጅ ደብተር የገባኝ ይሄኔ ነው።

አንድ የሚያናድድ ነገርም ልንገራችሁ። ኦፈር ሌተሩ ሠራተኛው በሚገባው ቋንቋ ጭምር እንዲቀርብ ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ቋንቋዎቹ ሲዘረዘሩ ዓረብኛና እንግሊዝኛን ጨምሮ አሥራ አንድ ነበሩ። ሂንዲ አለ፣ ቤንጋሊ አለ፣ ታሚል አለ፣ ኔፓሊ አለ፣ ዳሪም አለ። አማርኛ የለም! ስለዚህ የኛ ልጅ በእንግሊዝኛው ነው የምትፈርመው። የሚያነብላችሁ ሰው ፈልጉ፤ የሚያነብላችሁም ሰው የቀጣሪው ዘመድ አይሁን።

"ሙከራ" የሚሏት ነገር

ሐሙስ ማታ፣ አምስተኛ ቀኔ ላይ ማለት ነው፣ ከልጆቹ ጋር ሽሮ ልንበላ ወጣን። እዚያ ምግብ ቤት አንድ ሳሪስ ያደገ ልጅ ተዋወቅሁ። ቀልደኛ ነው፣ ጠረጴዛውን በሳቅ ያፈርሰዋል። ሒሳብ ሲመጣ ግን ወደ መታጠቢያ ቤት ሄደ። ልጆቹ ዝም ብለው የእርሱን ከፈሉ፤ የለመዱት ነው። በኋላ እየሸኘን ሲሄድ ታሪኩን ነገረኝ።

የመጣው እ.ኤ.አ. ጁላይ 12 ቀን 2024 ነው፤ በ60 ቀን ቪዛ። ጁላይ! ዱባይ በጁላይ ከቤት የሚወጣው የቸገረው ብቻ ነው። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፤ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ደጅ ለሚሠሩ ሠራተኞች እኩለ ቀን ላይ ሥራ እንዲቆም በሕግ ይታዘዛል። ባለሀብቱ አውሮፓ ይሄዳል፣ ቱሪስቱ ይቀንሳል፣ ሆቴልና ምግብ ቤቱ እጁን አጣምሮ ይቀመጣል። እዚያ ወር ላይ ሥራ ፍለጋ መግባት ክረምት ላይ ጃንጥላ ሳይዙ እንጦጦ እንደ መውጣት ነው።

እንደ ምንም አንድ ካፍቴሪያ አገኘ። አለቃው "መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ሙከራ ሥራ፤ ጎበዝ ከሆንክ ቪዛህን አስገባለሁ" አለው። ያለ ደመወዝ ሠራ። ሁለት ሳምንቱ አለፈ። "ጎበዝ ነህ፣ ወረቀትህ ገብቷል" ተባለ። በየቀኑ ይጠይቃል፤ በየቀኑ "ነገ ኢንሻላህ" ይባላል። 51ኛው ቀን ላይ ጓደኛው በሥራ ሚኒስቴሩ ድረ ገጽ ላይ በፓስፖርት ቁጥሩ ፈለገለት። ምንም የለም! በስሙ አንድም ወረቀት ገብቶ አያውቅም።

አንድ ነገር አጥብቃችሁ ያዙልኝ። በኤሚሬትስ ሕግ የሙከራ ጊዜ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2022 ጀምሮ የሚሠራበት የሠራተኛ ሕግ ከስድስት ወር እንዳይበልጥ ይላል። ግን ያ ሙከራ የሚጀምረው ፈቃዱ ከወጣ በኋላ ነው። ፈቃድ ሳይወጣ "ሙከራ" የሚባል ነገር የለም። በጉብኝት ቪዛ ብርጭቆ እንኳ አጥቦ መቀጠር ክልክል ነው። ቀጣሪውም ቢሆን አይተርፍም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በተሻሻለው ሕግ ያለ ፈቃድ ሰው የሚያሠራ ከ100 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ድርሃም ይቀጣል። ስለዚህ ተቆጣጣሪ በበሩ ብቅ ሲል አለቃው ምን እንደሚል ገምቱ፤ "ይህን ልጅ አላውቀውም።" የሳሪሱም ልጅ የገጠመው ይኸው ነው፤ በጓሮ በር አስወጡት፣ ከዚያ በኋላ በፊት በርም አላስገቡትም።

ቪዛው ሴፕቴምበር 9 አለቀ። ቅጣት መቁጠር ጀመረ። ለጎብኚ በፊት በቀን 100 ድርሃም ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ወደ 50 ወርዷል። 50 ድርሃም ወደ 14 ዶላር ይጠጋል። "ወርዷል" ሲባል ቀላል ይመስላል አይደል? እኔና እርሱ የተገናኘን ማታ 66 ቀን አልፎት ነበር። 66 ሲባዛ በ50፣ 3,300 ድርሃም! ሽሮውን የማይከፍለው ለምን እንደሆነ ገባኝ።

"ምሕረት አለ ሲባል አልሰማህም?" አልኩት። እውነትም ያኔ ምሕረት ነበር። ኤሚሬትስ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 2024 በሯን ከፍታ፣ ቪዛ ያለፈበት ሁሉ ያለ ቅጣት ወይ ይውጣ ወይ ሥራ አግኝቶ ወረቀቱን ያስተካክል ብላለች። መጀመሪያ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ነበር፣ በኋላ እስከ ዲሴምበር 31 ተራዘመ። አል አዊር ላይ ድንኳን ተጥሎ ሰው ሲሰለፍ ነበር።

ሳቀ። የሚያስለቅስ ሳቅ አለ አይደል፣ እንደዚያ። "ምሕረቱ ከሴፕቴምበር 1 በፊት ላጠፋ ነው። እኔ እኮ ያኔ ገና ሕጋዊ ነበርኩ! ስምንት ቀን ዘግይቼ ነው ያጠፋሁት።"

ምን ይባላል? ምንም አልኩት። ዝም ብለን ሄድን።

የደሴቷ ነገር

እታለም ይህን ስነግራት "ኪሽ ባለማየታችሁ ነው" አለችኝ። ኪሽ የኢራን ደሴት ናት፤ ያለ ቪዛ ይገባባታል። እርሷ በመጣችበት ዘመን ጎብኚ ሆኖ ሥራ ያገኘ ሰው እዚያው ሆኖ መቀየር አይችልም፤ ከአገር ወጥቶ ወረቀቱን መጠበቅ ነበረበት። ርካሹ መውጫ ኪሽ ነበረች። ትንሽ አውሮፕላን፣ ጥቂት ደቂቃ በረራ፣ ሴት ሁሉ ሻሽ ተከናንባ። ከዚያ ሆቴሉ ውስጥ ፊሊፒኒው፣ ሕንዱ፣ ግብፁ፣ ሐበሻው ተደራርቦ ፋክስ ይጠብቃል። "ሦስት ቀን ተብዬ ሄጄ አሥራ ሰባት ቀን ተቀመጥኩ" ትላለች። "ገንዘቤ አለቀ። በየጠዋቱ የስም ዝርዝር ይለጠፋል፤ ስምሽ ካለ እልል ነው። ከሌለ ዳቦ በሻይ።"

ቪዛዋ ወጥቶ የተመለሰችው እ.ኤ.አ. በ2004 ጃንዋሪ ላይ ነው። በፌብሩዋሪ 10 ቀን 2004 ከኪሽ የተነሳ ፎከር 50 አውሮፕላን ሻርጃ ሊያርፍ ሲል ወደቀ። ከ46 ሰው 43ቱ ሞቱ። አብዛኞቹ ተሳፋሪዎች የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። እታለም "እኔ በተቀመጥኩበት ወንበር የተቀመጠ ሰው ነበር" ብላ ሻይዋን ታማስላለች፤ ስኳሩ ድሮ ሟሙቷል።

ዛሬ እዚያው ሆኖ መቀየር መቻሉ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው። ጉብኝቱንም ማራዘም ይቻላል፣ በክፍያ። ነገር ግን ይህ ደንብ ሲላላና ሲጠብቅ የኖረ ነው። "ባለፈው ዓመት ጓደኛዬ አራዝማ ነበር" በሚል ወሬ አትሂዱ፤ ኢሚግሬሽኑ ወይም አመር የሚባለው ማዕከል ገብታችሁ በዚያው ሳምንት ጠይቁ። ቪዛውን ያወጣው ኤጀንሲም ቢሆን ቀኑ ካለፈ "ጠፍታለች" ብሎ ሊያመለክትባችሁ ይችላል። ደግሞ ናይፍ ጥግ ላይ "ፍሪላንስ ቪዛ አለ፣ ሁለት ዓመት" የሚሏችሁ አሉ፤ በሺህ የሚቆጠር ድርሃም ነው የሚጠይቁት። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው አሠሪ ሌላ፣ የምትሠሩበት ቤት ሌላ ከሆነ ያው ጥፋት ነው።

ዲግሪ ላላችሁ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቃት አንዲት በር አለች። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ ሥራ ፈላጊዎች ራሳቸው የሚያመለክቱባት የ60፣ የ90 ወይም የ120 ቀን ቪዛ ተፈቅዳለች፤ ስፖንሰር አትፈልግም። ሙያዋ ግን ከላይኞቹ ሦስት የክህሎት ደረጃዎች መሆን አለበት፣ አለዚያም ከዓለም 500 ምርጥ ዩኒቨርሲቲዎች በቅርቡ የተመረቀ ሰው። ለባሪስታና ለአስተናጋጅ አትሆንም። ለኢንጂነሯና ለአካውንታንቷ ግን 120 ቀን ማለት ምን ማለት እንደሆነ የናይፍን ካላንደር ያየ ያውቀዋል።

አሥራ ዘጠነኛ ቀን

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፤ ማፈሬ አልቀረም። 19ኛ ቀኔ ላይ፣ ኖቬምበር 28 ሐሙስ፣ የእታለም ጓደኛ አንድ የውበት ሳሎን ወሰደችኝ። ባለቤቷ የኛው አገር ሰው ናት፣ ጨዋታ አዋቂ። ቡና አፈላችልኝ። ለእንግዳ መቀበያው አማርኛም እንግሊዝኛም የሚችል ሰው ትፈልጋለች። 2,500 ድርሃም በወር! እኔ አዲስ አበባ የማገኘውን አትጠይቁኝ። "ልጄ፣ ከነገ ጀምሪ፤ ቪዛው እየሠራሽ ይደርሳል" አለችኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ አፌ "እሺ" ሊል ደርሶ ነበር። የሐዋሳዋ ልጅ ደብተር ፊቴ ላይ ባይመጣ እል ነበር። "ኦፈሩ በተስሂል ቢገባልኝና ፈርሜ ብጀምር" አልኳት። "ኧረ በአገር ልጅ መካከል!" ብላ ሳቀች። "እኔ እኮ እናትሽ ነኝ።"

ወጥቼ ክሪኩ ዳር ሄድኩ። ዱባይን ለሁለት የሚከፍል የባሕር ክንድ ነው፤ ከዴራ ወደ ቡር ዱባይ አብራ በምትባል የእንጨት ጀልባ በአንድ ድርሃም ይሻገራሉ። ከዚያ ሁሉ ውድ ከተማ አንድ ድርሃም የቀረው ነገር ይኸው ነው። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩበት። ነፋሱ ጥሩ ነው፣ ፀሐይዋ ስትጠልቅ ከመስጊዱ አዛን ይሰማል፣ አጠገቤ የተቀመጠ ፓኪስታናዊ ሽማግሌ ለውዝ ሰጠኝ። በጣቴ ቆጠርኩ። የቀረኝ 11 ቀን ነው። ነገ ዓርብ ግማሽ ቀን፤ ከዚያ የአራት ቀን በዓል፤ ከዚያ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ሌላ ግማሽ ዓርብ፣ ሰኞ። አለቀ! አምስት የቢሮ ቀን። ሴትዮዋ እውነተኛ እናቴ ብትሆን እንኳ በአምስት ቀን ምን ታደርግልኛለች? ማራዘም እችል ነበር፤ ግን ማራዘሚያውም፣ አልጋውም፣ ምግቡም ከእኔ ኪስ፣ ተስፋው ከእርሷ አፍ ነው።

"እሺ" አላልኳትም።

ሳምንት ሳይሞላ ሌላ ልጅ ቀጠረች። በመስታወቱ ሳልፍ እኔ ልቀመጥበት በነበረው ወንበር ተቀምጣ ስልክ ስታነሳ አየኋት። ቅናት ያዘኝ፤ ለምን እዋሻለሁ? በኋላ እንደሰማሁት ደግሞ የዚያች ልጅ ቪዛ በጊዜው ወጥቶላታል! አንዳንዴ ይወጣል። ነገሩን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ ሁሉም ቢዋሽ ኖሮ ማን ይታለል ነበር? ተጸጸትሽ ወይ ብትሉኝ፣ ትንሽ። የሳሪሱን ልጅ ሳስታውስ ደግሞ ይለቀኛል።

የሐዋሳዋስ? ኦፈሯን የፈረመችው በ32ኛው ቀን ነው፤ ካወጣችው ደንብ በሁለት ቀን ዘግይታ። አንድ ሆቴል ውስጥ ያለ ካፌ ነው፣ ወረቀቱም እውነተኛ ነበር፤ የማመልከቻ ቁጥሩን ሰጥተዋት በየማታው በስልኳ ታየዋለች። 40ኛው ቀን መጣ፤ "በሂደት ላይ" ይላል። ልጅቷ ቃሏን አላጠፈችም፤ የዲሴምበር 10 ትኬት ቆረጠች። የሆቴሉ ሰውዬ ጮኸባት። "በዓል ስለሆነ ነው፤ ጥቂት ቀን ብታሳልፊ ቅጣቱን እኛ እንከፍላለን!" አላት።

"ቅጣቱን እናንተ ትከፍላላችሁ፤ ስሜ ላይ የሚጻፈውን ማን ይከፍልልኛል?" አለችው፤ እንዲህ ያለ እንግሊዝኛ ከየት እንዳመጣች አላውቅም። ማታ ግን ከመጋረጃዋ ጀርባ ስታለቅስ ሰምተናል። ስድስታችንም ሰምተናል፤ ማንም አልተናገረም።

እኔ በ29ኛ ቀኔ ወጣሁ። ከመውጣቴ በፊት ባለው ማታ የሳሪሱ ልጅ ሊሰናበተኝ መጣ። ቅጣቱ 4,450 ደርሷል። ለእናቱ የሚሰጥልኝ ሽቶ ይዞ መጣ፤ "ደህና ነው በያት፣ ወፍሯል በያት" አለኝ። አልወፈረም። ሽቶውን ሳሪስ አደረስኩ፣ ወፍሯል አልኩ። በጃንዋሪ ላይ ጓደኞቹ አዋጥተው ቅጣቱንና የመውጫ ወረቀቱን ከፍሎ ገባ። ዛሬ አዲስ አበባ ነው፤ እየሠራ ለየአንዳንዳቸው ይልካል፤ ሁለት ሰው ቀርቶታል።

የሐዋሳዋ ልጅ በ54ኛው ቀኗ ቦሌ ወረደች። ስልክ ደወልኩላት፤ ድምጿ የተሸነፈ ሰው ድምፅ ነበር። ሰፈር ሁሉ "ምነው ተመለስሽ?" ይላታል። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ሆቴሉ የሥራ መግቢያ ፈቃዱን በኢሜይል ላከላት። አያችሁ፣ ያ ወረቀት ዱባይ ያለን ሰው ብቻ አይደለም የሚያገኘው፤ ሐዋሳ ቤቷ የተኛችውንም ያገኛታል! ያለ ቅጣት፣ ያለ "ጠፍታለች" የወጣች ስለሆነች በስሟ ላይ የሚያግድ ምንም አልነበረም። እዚህ ደግሞ የሥራ ውሉ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ታይቶ መጽደቅ ስላለበት ሌላ ወረፋ፣ ሌላ ፎቶ ኮፒ፣ ሌላ "ነገ ተመለሺ" ነበረባት። ረመዳን በማርች 1 ከመግባቱ በፊት ልድረስ ብላ ሮጠች፤ በረመዳን የቢሮ ሰዓት ስለሚያጥር ምርመራውም አሻራውም እንዳይጓተትባት። በፌብሩዋሪ አጋማሽ በረረች።

ከወር በኋላ የኤሚሬትስ አይዲዋን ፎቶ ላከችልኝ። ሥሩ እንዲህ የሚል ጽፋበታለች፦ "ፎቶው አስቀያሚ ነው፣ ለማንም እንዳታሳዪ።" እውነትም ዓይኗ ግማሽ ተጨፍኗል። ለማንም አላሳየሁም።